ተራው የጦይባ ነው

ዙልፋ ሽማግሌ እንድሆንላት ልትለምነኝ የመጣች ዕለት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ነው። ሌላ ጊዜ ጨው ልትበደር ስትመጣ በነጠላ ጫማዋ እየተንጣጣች፣ ሳታንኳኳ ነበር የምትገባው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አለዎት?» አለችኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ «አንተ» ነበር የምትለኝ።

«የለኝም። ምነው?»

«አባ እንድሪስ እሺ ብለውኛል። ጋሽ ደምሴም እሺ ብለዋል። ሦስተኛ ሰው ጎደለኝ።»

«ወዴት ልትልኪን ነው?»

«ወደ እማዬና አባዬ ነዋ!» አለች፤ ሌላ ወዴት ይላካል በሚል ዓይን እያየችኝ።

እኔ ከአገር ስወጣ ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነበር። አሁንም አልፎ አልፎ ይላካል። ነገር ግን ዛሬ፣ በ2071 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሰው «ሽማግሌ ሊመጣብን ነው» ካለ፣ ቤቱ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ አለ ማለት ነው። ልጁ በገዛ አፉ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ሦስት ሰው ወደ ወላጆቹ ይልካል። ሦስቱ ሰዎች ቆመው «ልጃችሁ ይማር ዘንድ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዝም በሉለት» ይላሉ። ወላጅ እንደ ወጉ አንድ ሁለት ጊዜ ይመልሳቸዋል፤ በመጨረሻ እሺ ይላል። እንቢ ያለ ወላጅ ኖሮ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቅ፣ አንድ ሰው ነበር ይሉኛል። ስሙን የሚያስታውስ ግን አላገኘሁም።

በብር ዩኒቨርሲቲ መግባት ከቀረ ቆይቷል። ወላጅ ድምፁን ለድምፅ ቢሮው ያስገባል። ድምፁ ወደሚፈለግበት ሄዶ ይሠራል፤ ሰውየው ጉሮሮው ላይ ትንሽ አዝራር ተለጥፎለት እቤቱ ይቀመጣል። ድምፅ ዋጋ የሚኖረው ሌላ ቦታ ካልተሰማ ነውና፣ አዝራሩ ለምስጋናም ለስድብም ለእንቅልፍ ልብ ቅዠትም እኩል ይበራል፤ በበራ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል። ልጁ የተማረበትን ያህል፣ ከዚያም ያንኑ ያህል እንደገና ዝም ይባላል።

ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ልጆቹ ሲፎካከሩ ይሰማል።

«የእኔ እናት ባንክ ናት። ‹ካርድዎን ይውሰዱ› የምትለው እሷ ናት።»

«የእኔ አባት ሊፍት ውስጥ ነው።»

«ስንተኛ ፎቅ?»

«ሁሉም!» ይላል ልጁ፣ ደረቱን ነፍቶ።

የምረቃ ቀን የፊት ወንበሮች ዝም ላሉ ወላጆች ይለቀቃሉ። ጭብጨባው ከፊት ነው፤ እልልታው ከኋላ፣ ከአክስቶች።

«ለምን እኔን መረጥሽ?» አልኳት ዙልፋን።

«የእርስዎ ትምህርት የማንም ድምፅ የለበትም አሉ። አንዱ ሽማግሌ እንዲህ ዓይነት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው ይላሉ። እንደ እርስዎ ያለ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ የለም።»

እውነቷን ነው። ቡሳን የተማርኩት ኮሪያኖቹ ለውጭ ልጆች በነፃ ቦታ በሚሰጡበት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ሰፈር ውስጥ «ኮሪያው» የሚሉኝ ለዚህ ነው። ከተመለስኩ ሁለተኛ ክረምቴ ነበር፤ ሻንጣዬን ግን ገና አልፈታሁም። አንዳንድ ቀን የምቀረው ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት ስፈልግ ራሴን አገኘዋለሁ።

«ዙልፋ፣ እኔ በዚህ ነገር አላምንም» አልኳት።

«ማመን አይጠበቅብዎትም። መቆም ብቻ ነው።»

«እናትሽም ዝም ካለች እቤት ውስጥ ማን ያወራል?»

ግር ብሏት አየችኝ። ጥያቄው ከዚያ በፊት ያልመጣባት መሆኑ ያስታውቅ ነበር። በክፋት አይደለም፤ ፀሐይ ለምን በምሥራቅ ትወጣለች ብሎ የሚጠይቅ ልጅ እንደሌለ ሁሉ ነው።

«አባዬ ለወንድሜ ለነስሩ ዝም አለ» አለች በመጨረሻ። «ለእኔ ተራው የእማዬ ነው። እንዲህ ነው እኮ።»

ቆሜ ሸኘኋት። ጫማዋን ስታጠልቅ ቀና ብላ «ደህና ደር» አለችኝ፤ ወደ አንተ ተመልሳ።

* * *

ከዙልፋ እናት ከጦይባ ቤት የምንለያየው በአንድ ረድፍ ብሎኬት ነው። ጦይባ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ማውራት ትጀምራለች። ከዶሮዎቹ ጋር ታወራለች፣ ከሽንኩርቱ ጋር ታወራለች፣ ቅመም ከምትሸጥበት ገበያ ስትመለስ ያልገዟትን ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው ትወቅሳለች። መሃል መሃል ላይ የባሏ የይመር ፉጨት ይሰማል። አንድ አጭር ፉጨት «ነይ» ነው። ረጅም ፉጨት «ሻይ አለ ወይ» ነው። ሁለት አጭር ፉጨት «እንቢ» ነው። ፉጨት ከጉሮሮ ስለማይወጣ አዝራሩ አያውቀውም።

አዝራሩ የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንላት ነገር። ቡሳን ሳለሁ ይህን ሳደርግ ሰዎች «ምን ነካህ፣ አመመህ?» እያሉ ይደነግጡ ነበር። አዝራሩ ወደ ውጭ የሚወጣውን እንጂ ወደ ውስጥ የሚገባውን አይቆጥርም። ስለዚህ ይመር በድሮው ሕይወቱ ከነበሩት ቃላት ሁሉ አንዷን አስቀርቷል፤ «አዎ»ን።

ድሮ መናኸሪያ ነበር የሚሠራው፤ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር። ሲጣራ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር ይላሉ። ጦይባን የተዋወቃትም ያኔ ነው። ዘንቢሏን ይዛ በመናኸሪያው ስታልፍ «ደሴ፣ ሐይቅ፣ ጦይባ፣ ወልዲያ!» እያለ ስሟን በከተሞቹ መሃል ይወሽቀው ነበር። አንድ ቀን አንድ የዋህ ገበሬ «ጦይባ ስንት ነው ታሪፉ?» ብሎ እንደጠየቀው ጦይባ እስከ ዛሬ ትተርካለች። ስታስበው ራሷ ቀድማ ትስቃለች።

አሁን የይመር ድምፅ ከሞያሌ እስከ መቀሌ በሚመላለሱት ሾፌር አልባ አውቶቡሶች ሁሉ ውስጥ አለ። ራሱ ይመር መናኸሪያው ውስጥ ሻንጣ ይጭናል። ዙልፋ ከከተማ ስትመለስ «ቀጣዩ ማቆሚያ ቦርከና ድልድይ» ብሎ የሚያወርዳት አባቷ ነው። እቤት ስትደርስ አባቷ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይቀበላታል። የነስሩ ትምህርት ካለቀ ቆይቷል፤ ጅግጅጋ ሥራ ይዟል። አንዳንድ ማታ ይደውላል። «ሰላም ናችሁ? እኔም ሰላም ነኝ» ይላል፤ ይዘጋል። ክፉ ልጅ አይደለም። መልስ ከማይሰጥ አባት ጋር ማውራት ከብዶት እንዳይሆን እጠረጥራለሁ።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት አባ እንድሪስ መንገድ ላይ አስጠነቀቁኝ። ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ምክር ሲሰጡም መሪ እንደሚያዞር ሰው እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«‹ተቀመጡ› ሲሉህ አትቀመጥ። ‹የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም› የምለው እኔ ነኝ። አንተ ራስህን ነቅንቅ። አትሳቅ። ኮሪያኛ አትናገር።»

«ኮሪያኛ ለምን እናገራለሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ አትናገር።»

ጋሽ ደምሴ ከጨርቃ ጨርቅ ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ሁለቴ የሚያጣፉ ሰው ናቸው። «ተወው እንድሪስ፤ ልጁ ተምሯል» አሉ።

«እሱ አይደል የሚያሳስበኝ!»

በሩ ክፍት ነበር። ይመርና ጦይባ የክት ለብሰው ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቁናል። ከጓዳው መጋረጃ ሥር የዙልፋ እግር ጣቶች ይታያሉ። የላከ ልጅ መታየት የለበትም፤ መስማት ግን ይችላል።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ተቀመጡ» አለች ጦይባ።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አባ እንድሪስ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ።

ጦይባ ወደ ጓዳ ገብታ ሦስት ብርጭቆ ውሃ በትሪ ይዛ ተመለሰች። አባ እንድሪስ ብርጭቆውን ተቀብለው ያዙት። ጋሽ ደምሴም ያዙ። እኔ በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ፊቴን ወደ ጎን መለስ አድርጌ፣ ጭልጥ አደረግሁት። ቡሳን ውስጥ ትልቅ ሰው የሰጠህን የምትጠጣው እንዲህ ነው፤ ይዘህ ከቆምክ ንቀት ነው። ስለ መቀመጥ ተነግሮኛል፣ ስለ መሳቅ ተነግሮኛል፤ ስለ ውሃው ማንም አልነገረኝም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ባዶውን ብርጭቆ አዩ።

«ጠጣው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ጠጣው» አሉ አባ እንድሪስ።

«ሁሉንም?»

«ምንም አላስቀረም!»

ጦይባ ትሪውን በሆዷ አስደግፋ ሳቋን ለቀቀችው። «ኮሪያዬ! በቃ የእኛ ሆንክ!»

ከመልስ በፊት የቤቱን ውሃ የቀመሰ ሽማግሌ ከላኪው ወገን ይወጣል። የቤቱ አፍ ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ለወላጆቹ ነው፤ በዚያ ቤት ላይ ለሚመጣው ሁሉም፣ ለደስታውም ለሐዘኑም፣ ዘመድ ሆኖ ይጠራል። ሆን ብሎ ይህን የሚያደርግ ሰው የለም። ብርጭቆ ይዞ መቆም ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው።

«እንግዲህ ሁለት ቀረን» አሉ አባ እንድሪስ፣ መሪ በሚያዞረው እጃቸው ወደ ሶፋው እየጠቆሙኝ። «ሂድ። መሃላቸው ተቀመጥ።»

ተቀመጥሁ። በግራዬ ይመር፣ በቀኜ ጦይባ። የመጋረጃው ሥር ጣቶች ተጨማደዱ።

አባ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይመር፣ ጦይባ። ልጃችሁ ዙልፋ ልካናለች። ድልድይ መሥራት ልትማር ነው። ቦርከና በየክረምቱ ድልድያችንን ሲበላ ስንት ዘመን አየን! ይህቺ ልጅ ታስቆመዋለች። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዝም በሉላት ብለን ደጃችሁ ቆመናል።»

«እሺ» አለች ጦይባ።

«ኧረ ቆይ እንጂ! አንዴ እንኳ መልሺን!»

«ምን ብዬ እመልሳችኋለሁ አባ እንድሪስ? ልቤ ከቆረጠ ስንት ጊዜው! ይመርም ደስ ብሎታል።»

ይመር ሁለት ጊዜ አፏጨ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«‹በጣም ደስ ብሎኛል› ነው ያለው።»

ሁለት ፉጨት እንቢታ መሆኑን ከግድግዳው ማዶ የምኖረው እኔ እንኳ አውቃለሁ። ይመር መጻፍ ይችላል፤ ስልኩ ላይ ጣቱ እንደ መርፌ ነው የሚሮጠው። ግን ሽምግልና ላይ የተጻፈ ነገር አይቆጠርም። «ወረቀት አያፍርም» ይላሉ፤ የሚጸናው ዓይን ለዓይን እየተያዩ የተባለው ብቻ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ የይመርን ሐሳብ ሁሉ ጦይባ ናት የምትናገርለት፤ የራሷን እየቀላቀለች።

«የቤቱ አፍ እኔ ከሆንኩ፣ ራሱን ልጠይቀው» አልኩ።

አባ እንድሪስ ጋሽ ደምሴን አዩ። ጋሽ ደምሴ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ጠጥቷል፤ ምን እንላለን?»

ወደ ይመር ዞርኩ። ሰፊ ፊት አለው፤ ዓይኖቹ ሰው ሲያናግሩት ቀድመው ይመልሳሉ። ጉሮሮው ላይ ያለችው አዝራር የምስር ፍሬ ታክላለች።

«ዙልፋ እንድትማር ትፈልጋለህ?»

ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። አዎ።

«ጦይባ ዝም እንድትል ትፈልጋለህ?»

ሁለት ፉጨት።

«ታዲያ አንተ ራስህ ልትጨምር? የነስሩ ዝምታ ሳያልቅ የዙልፋ ይደረብልኝ ነው የምትለው?»

ትንፋሹን ሳበ፤ ረዘም አድርጎ።

ጦይባ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ምን? እስክትቀበር ድረስ?» አለች። ድምፅዋ ጭስ እንደጠጣ ሰው ሻከር ያለ፣ ግን ሞቅ ያለ ነው። «ወላሂ አይሆንም! እኔ ቀን የምቆጥረው ለምንድነው? አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ከመናኸሪያ ሆነህ ስሜን ስትጠራ ልሰማ ነው እኮ! ልጆቼ ስሜን ባባታቸው አፍ ሲጠራ ቢሰሙ ብዬ ነው! እሱን ሰጥቼ ምን ልቀበል?»

ይመር መሬት መሬት አየ።

በዚህ ጊዜ መባል የሌለበትን ነገር ተናገርሁ። ሳላስበው አይደለም፤ ከመጣሁ ጀምሮ በሆዴ ይዤው የነበረ ነው። «ሦስተኛ መንገድም አለ» አልኩ። «የቤቱ አፍ እንደመሆኔ፣ ‹እንቢ› ልልላችሁ እችላለሁ።»

ሁለቱም አዩኝ። ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ሰው ገበያ መሃል ሸሚዙን ሲያወልቅ እንደሚያዩት ነው ያዩኝ። ጦይባ ክንዴን ቸብ ቸብ አደረገች፤ «አብሽር፣ ደክሞህ ነው» አለችኝ። ይመርም በሌላ በኩል ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። የሁለቱ እጅ በአንድ ጊዜ ሲያርፍብኝ፣ ስለ ድምፅ ቢሮውና ስለ ዘመኑ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። አሁንም ትክክል ነበርኩ ብዬ አስባለሁ። ለማን እንደምናገረው ነው ያላወቅሁት።

ተመልሼ ይመርን ጠየቅሁት። ዙልፋን የጠየቅኳትን ጥያቄ ነው የጠየቅሁት፤ አዙሬ።

«ጋሽ ይመር፣ የምትፈራው ቤቱ ጭር እንዳይል ነው?»

ጦይባን አያት። ከዚያ ትንፋሹን ሳበ፤ አዎ አለ። ትንፋሹ መሃል ላይ ተቆራረጠ።

ጦይባ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ጋሽ ደምሴ ብርጭቋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የቤቱ አፍ፣ መልስ ስጠንና እንቀመጥ። እግራችን አለቀ» አሉ።

በጋብቻ ጊዜ ሴቷን የሚወስደው ወገን ጥሎሽ ያመጣል። ያን አውቃለሁ። ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም። ቆምኩና አባ እንድሪስ እንደተናገሩት ዓይነት ድምፅ ለማውጣት ሞከርሁ።

«ቤቱ እሺ ብሏል» አልኩ። «ጦይባ ለዙልፋ ዝም ትላለች። ግን ቤቱ ጥሎሽ ይጠይቃል።»

«የምን ጥሎሽ?» አሉ አባ እንድሪስ። «ልጅቷ ምን አላት?»

«ድምፅ አላት። ሁለት ድምፅ ትወስዱብናላችሁ፤ ለነስሩ አንድ፣ ለእሷ አንድ። እንግዲህ ማታ ማታ ትደውላለች። ‹ሰላም ነኝ፣ ሰላም ናችሁ› አይደለም። ታወራለች። የበላችውን፣ የተማረችውን፣ ማን እንዳበሳጫት፣ ክፍሏ ውስጥ ምን እንደሚሸት፤ ሁሉን። ሻይው እስኪያልቅ ድረስ። መልስ አጣሁ ብላ አትዘጋም። ነስሩንም እሷ ትነግረዋለች። ይህ ካልሆነ ቤቱ አፉን አይዘጋም።»

አባ እንድሪስ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። «እንዲህ ያለ ጥሎሽ ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

«ውሃ የጠጣ ሽማግሌስ አይተህ ታውቃለህ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ለልጅቷ ማን ይመልስ? እኛ ይህን አልተላክንም» አሉ አባ እንድሪስ።

ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞረ። ጣቶቹ ከመጋረጃው ሥር ጠፍተዋል፤ ቁጭ ያለች መሰለኝ። ቀጥሎ የሰማነው ቃል አልነበረም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ነው፤ ልክ እንደ አባቷ፣ መሃል ላይ የተቆራረጠ።

አባ እንድሪስ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉና ጮኹ፤ «አንቺ ልጅ! አንቺ እንኳ ድምፅ አለሽ! በቃል አምጪው!»

«እሺ!» አለች ዙልፋ ከጓዳ። «ማታ ማታ! ወላሂ!»

ጋሽ ደምሴ ውሃቸውን ጨልጠው ተቀመጡ።

* * *

ጦይባ ወደ ቢሮው ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን ከሱብሒ ጀምራ አወራች። ዶሮዎቹን ተሰናበተች። ገበያ ወርዳ ያልገዟትን ይቅር አለች፤ ሁለት ሰዎችን ግን ይቅር አልልም አለች። ነስሩ ጋ ደውላ ሳትዘጋ ምሳ ሠራች። እኔን ጠርታ የፉጨቶቹን ትርጉም አስጠናችኝ። «‹ደስ ብሎኛል› የሚለውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አለችኝ፤ «አንተ ግን ቀጥልበት።»

ድምፅ የሚያስገባ ወላጅ አንድ ነገር መምረጥ ይፈቀድለታል፤ ድምፁ የት እንዲሠራ። የቢሮው ሰዎች ሆስፒታል ይሻላል ብለዋት ነበር፤ የእሷ ዓይነት ድምፅ ለበሽተኛ ጥሩ ነው አሉ። እሷ አውቶቡስ አለች። ለምን ብለው ጠየቋት። «ባሌ እዚያ ነው የሚውለው» አለቻቸው።

የመጨረሻ ንግግሯ ምርቃት ነበር። ዙልፋ ተንበርክካ፣ ጦይባ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ።

«እግርሽ የረገጠው ይለምልም።»

ይመር ትንፋሹን ሳበ። አሚን ማለቱ ነው።

«የሠራሽውን ጎርፍ አይድፈረው።»

ትንፋሹን ሳበ።

«እናት አባቷን ዝም አሰኝታ ተማረች አይበሉሽ። እናት አባቷ የሚያወሩላት ይበሉሽ።»

ይህንን ሲሰማ ይመር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ነኝ አሚን ያልኩት፤ በቤቱ አፍ።

* * *

አሁን ማታ ማታ እነሱ ጋ ነኝ። ጦይባ ሻንጣዬን ሳታስፈቅደኝ ወስዳ በርበሬ ሞልታበታለች፤ የት ልሄድ? ዙልፋ ትደውላለች። ታወራለች። ስለ ሲሚንቶ ታወራለች፣ አልጋዋ ላይ እግሯን ስለምትሰቅል የክፍል ጓደኛዋ ታወራለች። በይመር ፉጨት መሃል እየገባሁ አስተረጉማለሁ። «አባትሽ በጣም ደስ ብሎታል» ስል ጦይባ ትቆነጥጠኛለች፤ ሳቋ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚርገፈገፈው። ከስልኩ ውጭ ቤቱ ጭር ያለ ነው። ዶሮዎቹ እንኳ የለመዱትን ሲያጡ ደጃፍ መጥተው ይቆማሉ።

እሑድ እሑድ ደግሞ አውቶቡስ እንሳፈራለን። የምንሄድበት ቦታ የለንም። እስከ መጨረሻው ሄደን እንመለሳለን። ጦይባ በመስኮቱ በኩል፣ ይመር ከአጠገቧ፣ እኔ ከኋላቸው። «ቀጣዩ ማቆሚያ ቦርከና ድልድይ» ይላል ይመር ከጣሪያው። «ቀስ ብላችሁ ውረዱ፤ ዕቃ እንዳትረሱ» ትላለች ጦይባ ከበሩ። ሁለቱ ሰዎች አፋቸውን ገጥመው ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ባልና ሚስት ከላያቸው ሲነጋገሩ ያዳምጣሉ። ተሳፋሪው ስልኩን ያያል። ማንም ቀና አይልም።

ባለፈው እሑድ ዙልፋ አውቶቡሱ ውስጥ ሳለን ደወለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አስደገፍኩት። ስለ ፈተናዋ እያወራች ነበር። አውቶቡሱ መናኸሪያው ገብቶ ቆመ።

«ቆይ፣ የት ናችሁ?» አለች።

ልመልስላት አፌን ስከፍት ይመር እጁን አነሳ፤ ቆይ አለኝ። ከጣሪያው ድምፁ መጣ፤ የድሮው፣ ወንዝ የሚሻገረው።

«ደሴ። ሐይቅ።»

እንደ ሁልጊዜው ቀጣዩ ከተማ ከመጠራቱ በፊት አንድ ትንፋሽ የምታህል ክፍተት አለች።

«ጦይባ» አለች ዙልፋ ከስልኩ ውስጥ።

«ወልዲያ» አለ ይመር ከጣሪያው።

«በሩ ሊዘጋ ነው» አለች ጦይባ ከበሩ በኩል፤ መስኮቱ ሥር ያለችው ጦይባ ግን ስልኩን ከወንበሩ አንስታ ወደ አፏ አስጠጋችና፣ ድሮ በቃል እንጂ በትንፋሽ ብላ የማታውቃትን «አዎ»፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ አለች።